በዕርቅ የሞተ ሾላ

«ዝናብ ያላችሁ ሰዎች ሆናችሁ፣ ደናችሁን ምን በላው?»

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ ቡላቅ አል-ዳክሩር ውስጥ ማሳ የነበራቸው አንዲት ግብፃዊት አሮጊት ናቸው። ሰማዩ በዓመት አንዴ ሁለቴ ጠብ ሲያደርግ ልጆች ለጉድ በረንዳ ላይ በሚወጡበት፣ መብራቱም በድንጋጤ በሚጠፋበት ከተማ እየኖሩ፣ ከቦይ በጎማ ውኃ እየሳቡ አንድ ሾላ ያቆዩ ሴት ናቸው። እኔ ደግሞ ክረምት ሲገባ በቆርቆሮው ጩኸት መነጋገር ከሚያቅተው ሕዝብ የመጣሁ ነኝ። መልሱ ከእኔ ይጠበቅ ነበር። ያን ቀን «ታሪኩ ረጅም ነው» አልኳቸው። እንዳየሁት፣ ረጅም ነው የሚባል ታሪክ ተናጋሪው የማያውቀው ታሪክ ነው። ዛሬም አላውቀውም።

አሮጊቷን «ሐጋ» እላቸው ነበር። ቃሉ መካ ደርሶ ለተመለሰ ሰው ነው፤ እሳቸው መካ አልሄዱም፣ ሰፈሩ ግን ለዕድሜያቸው ሲል ልኳቸው መልሷቸዋል። እኔ የምኖረው ከማሳቸው ፊት ለፊት በተከራየሁት አንድ ክፍል ሲሆን የምሠራው ዛማሌክ፣ በአንድ ቤት ምግብ እያበሰልኩ ነበር። ዛማሌክ የኤምባሲና የባለጸጋ ደሴት ስለሆነ ዛፎቹ እንኳ ዘበኛ አላቸው። ቅርንጫፍ ሲቆረጥ በሁለት ቋንቋ የሚያለቅሱ ነዋሪዎችም አሉ። ከዚያ ጥላ ወጥቼ ወንዙን ስሻገር፣ ሕንፃና ሕንፃ ከመቀራረባቸው የተነሳ የጎረቤት ወጥ ጨው ሲያንሰው ከራስ መስኮት ሆኖ መጨመር የሚቻልበት ሰፈር እገባለሁ። የሐጋ ማሳ በዚህ መሃል ሰው ዘርግቶ የረሳው ምንጣፍ ይመስል ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አንድ ጊዜ እርሻ ነበር ይባላል፤ የቀረው የእሳቸው፣ ከአባታቸው የወረሱት ብቻ ነው። ለከብት የሚሆን ሣር፣ ሰላጣና ሽንኩርት ይዘሩበታል። ከሾላው ወዲያ ባለችው ጥግ ከአገር ቤት በመጣ ዘር ጎመን እንድዘራ ፈቀዱልኝ። ጎመኔን ያየ የሰፈር ሰው ሁሉ «ጥንቸል ታረቢያለሽ እንዴ?» ይለኛል።

ፊደል የቆጠርኩት የእኩዮቼ ልጆች ትምህርት ቤት በሚገቡበት ዕድሜ ነው። አገሬ በማታ የጀመርኩትን፣ ካይሮ ለስደተኞች በተከፈተ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ጨረስኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ክፉ ዐመል አለው፤ መጽሐፍ ላይ አኃዝ ባየ ቁጥር «ከየት መጣ?» ይላል። በጊዜያቸው የተማሩት ይህን ጥያቄ በልጅነታቸው ጠይቀው፣ ተቆንጥጠው፣ ተገላግለውታል። እኔን የቆነጠጠኝ ስላልነበረ እስካሁን እጠይቃለሁ፤ በለሆሳስ እንጂ ጮክ ብዬ አይደለም።

አርብ በካይሮ ሥራ የለም። ስለዚህ አርብ አርብ ኢትዮጵያን እናስተዳድር ነበር።

ማኅበራችን የሚሰበሰበው ሐዳይቅ አል-መዓዲ፣ በሊቀመንበራችን ሳሎን ነው። ሐዳይቅ ማለት የአትክልት ስፍራዎች ማለት ነው፤ በሰፈሩ ያየሁት አትክልት ግን ፋርማሲው መስኮት ላይ የቆመ የፕላስቲክ አበባ ሲሆን እሱም አቧራ ጠጥቶ ሸብቷል። ሊቀመንበሩ በተማሪነታቸው «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ አገር ለአገር ሲሰደዱ መሬት አብሯቸው ተሰዷል፤ ሻይ ሲቀርብላቸው ስለ መሬት፣ ሊፍት ሲቆምባቸው ስለ መሬት ያወራሉ። መተዳደሪያቸው ለስደተኞች ማስተርጎም ስለሆነ ዐረብኛቸው ያማረ ነው። ማረሻ ሲነኩ ግን ያየ የለም።

ከእሳቸው ቀጥሎ ዶክተሩ አለ። ምሥራቅ አውሮፓ ሄዶ ደን ያጠና፣ በካይሮ ግን በአንድ የጉዞ ወኪል ቤት ትኬት የሚቆርጥ፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙ የማይርቅ ሰው ነው። «በሕይወቴ የቆረጥኩት ትኬት ብቻ ነው፤ ለደን ባለሙያ ከዚህ በላይ ምስጉን ታሪክ የለም» ይል ነበር። ሌሎቹ አባላት እንደ ሜትሮው ሁኔታ ይመጣሉ፣ ይቀራሉ። እኔ የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ።

ማኅበሩ ለወደፊቷ ኢትዮጵያ መርሐ ግብር እያዘጋጀ ነበር፤ ሐጋ ጥያቄውን በጠየቁኝ ሰሞን የደረስነው የደን ምዕራፍ ላይ ነው። አጋጣሚው መልካም መሰለኝና ጥያቄውን ለጉባኤው አቀረብኩ። አባላቱ ተራ በተራ መለሱ። አንዱ ንጉሡ ናቸው አለ፣ ሌላው ደርግ ነው አለ፣ ሦስተኛው ያሁኖቹ ናቸው አለ። እስኪመሽ ድረስ ያንኑ ደን በየመንግሥቱ አስቆረጥነው።

«አንቺ ምን ብለሽ መለስሽላት?» አሉኝ ሊቀመንበሩ።

«ታሪኩ ረጅም ነው አልኩ።»

«ግሩም መልሰሻል። አሁን ጻፊ፦ በአንድ ወቅት የአገራችን አርባ በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር።»

ይህን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። እኔም ጂኦግራፊ መማሪያዬ ላይ አስምሬበታለሁ። ብዕሬ ግን ቆመ።

«ጋሼ፣ ማን ቆጠረው?»

«ምኑን?»

«ደኑን።»

«የታወቀ ነገር ነው እኮ።»

«ማን አወቀው?»

«እህቴ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ይጽፋል እንጂ አይጠይቅም።»

ዶክተሩ ሳቀ። «እውነቷን ነው፣ ምንጩን ያገኘ የለም። አንዱ ከሌላው እየገለበጠ የመጣ ነው። እኔም ገልብጬ ተመርቄበታለሁ።»

ሊቀመንበሩ የሳይንሱን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩና ወደ ዋናው ነገር ገቡ፤ ሥልጣን ስንይዝ ምን ያህል ደን እንመልሳለን? አንዱ ሠላሳ በመቶ ይበቃል አለ። ሌላው አገር የሚዋረድበትን ቁጥር አልፈርምም አለ። የተቀናቃኛችን ድርጅት መርሐ ግብር አርባ እንደሚል ሲነገር አርባ አምስት ላይ በጭብጨባ ተስማማን። አንድ ችግኝ ሳንተክል፣ ሻይ ሁለቴ ተቀድቶ ሳያልቅ ያን ሁሉ ደን አበቀልነው። ይህንንም ጻፍኩት።

ጥር ላይ ግብፆች ተነሡ። ፖሊስ ከጎዳና ጠፋ፤ የየሰፈሩ ወጣት የመጥረጊያ እንጨትና የወጥ ቤት ቢላ ይዞ መንገድ ይጠብቅ ጀመር። ድልድዮቹ ስለተዘጉ ዛማሌክ መሄድ አቃተኝና ቤቴ ቁጭ ብዬ አነብ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን አንድ ቀን ታሕሪር አደባባይ ደርሰው በአስለቃሽ ጋዝ ዓይናቸው ቀልቶ ተመለሱ። ጋዙ ከአደባባዩ ከለቀቀ በኋላም ቅላታቸው ብዙ ሰነበተ። «የሚቀጥለው የኛ ነው፤ መርሐ ግብሩ መፍጠን አለበት» ይሉ ነበር።

ወደ ቡላቅ አብዮቱ የመጣው በጡብ ተጭኖ ነው። የእርሻ መሬት ላይ ቤት መሥራት በግብፅ ክልክል ነው። ሕጉ አልተሻረም፤ የሚያስከብረው ሰው ነው ቤቱ የቀረው። በየማሳው ላይ ቀይ ጡብ እንደ ሽፍታ ወጣ። አደባባዩ «ዳቦ፣ ነጻነት፣ ማኅበራዊ ፍትሕ» እያለ ሲጮህ፣ ዳቦው የሚበቅልበት መሬት ላይ ኮንክሪት ይፈስስ ነበር። የሚጮኸውና የሚያፈስሰው አንዳንዴ አንድ ሰው ነው፤ ቀን አደባባይ ይውላል፣ ማታ ሲሚንቶ ያቦካል። ደግሞ ማን ይፈርድበታል፤ ለልጁ የሚያገባበት ቤት ያስፈልገዋል።

ሐጋ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታናሹ ታላቁ ያለውን የሚል ነው። ታላቁ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ ሲሆን ምላሱ ከመዶሻው ይፈጥናል። ተቆጣጣሪ የማይመጣበት ዘመን እንደማይደገም ስለገባው አንድ ጠዋት የጡብ መኪና ይዞ ማሳው ዳር ቆመ። ሐጋ ወንበራቸውን አውጥተው ሾላው ሥር ተቀመጡ። «እማ፣ ሰው ሁሉ ገነባ፤ እኛ ብቻ ነን ለሰው ላም ሣር የምናበቅለው» ሲላቸው የእግራቸውን ሽብሽብ አውልቀው ወረወሩበት። ነጠላ ጫማው በሠራተኞቹ ፊት ደረቱ ላይ አረፈ። በማግስቱም መኪናው መጣ፣ ወንበሩም ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ከአጥር ሆነው ጠሩኝ። ቀደም ብሎ ጎመን እየቀነጠስኩ፣ በእኛ አገር ሽማግሌዎች እንደዚህ ባለ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የተጣላ ያስታርቃሉ ብዬ ጉራ ነዝቼባቸዋለሁ። አልረሱትም።

«ልጄ፣ እነዚያን ሽማግሌዎቻችሁን አምጪልኝ» አሉኝ። «ልጆቼን ያናግሯቸው። ማሳዬም ዛፌም እንዳሉ ይቅሩልኝ።»

«የሰፈሩ ሽማግሌዎችስ?»

«ሁሉም እየገነቡ ነው።»

ለሊቀመንበሩ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ለስንት ዓመት በወረቀት ላይ ሲያርሱት የኖሩት የመሬት ጥያቄ በእግሩ መጥቶ በራቸውን አንኳኳ። በቀጠሮው አርብ በሱፍ ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ በዚያ ሙቀት፣ አራት አባላት አስከትለው ቡላቅ ደረሱ። የቱክቱክ ሾፌሮች መንገድ ለቀቁላቸው፤ ሬሳ ሊሸኙ የመጡ መስሏቸው ይሆናል።

ሾላው ሥር ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ በዐረብኛ ረጅም ምርቃት መረቁ፤ እኛ በየእረፍቱ «አሜን» ስንል ልጆቹ እርስ በርስ እየተያዩ «አሚን» ይሉ ነበር። ከዚያ ታላቁ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ ጀመረ።

«ያ ሐግ፣ እናንተ ዓባይን ልትገድቡ ስትነሡ እኛ ሽማግሌ ላክንባችሁ? ለአንዲት ዛፍ ግን አምስት ሰው ሆናችሁ መጣችሁ።»

የግድቡ ወሬ ያን ሰሞን ትኩስ ነበር። ሊቀመንበሩ ጋቢያቸውን አስተካከሉና «ግድቡ የዛሬ አጀንዳ አይደለም» አሉ።

«እሺ፣ የዛሬው አጀንዳ ምንድን ነው?»

«ቤተሰብ ነው» አሉ። «መሬት ያልፋል። እናት ግን አንድ ናት።»

«እናቴን ቤት ልሠራላት ነው እኮ። ከዚህች ዛፍ ጋር ነው የተጋባችው።»

«ከአባትህ በፊት የማውቃት ናት» አሉ ሐጋ። «ጸባይዋም ይሻላል።»

ታናሹ ሳቀ፤ ታላቁ ሲያየው አቆመ።

በወጋችን ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ከሰማ በኋላ ገለል ብሎ ይመክራል። ገለል የሚባልበት ቦታ የጎመን መደቤ ብቻ ስለነበር እዚያ ቆመን ተማከርን። አንዱ አባል ጎመኔን ረግጦ ቆሟል፤ ሽማግሌ ስለሆነ ምንም አላልኩም።

«ጥፋቱ እኮ የልጆቹ ብቻ ነው» አለ ዶክተሩ። «መሬቱ የሴትየዋ ነው። ሌላ ምን የሚመከር አለ?»

«ዶክተር፣ አንድ ወገን ብቻ ካጠፋ ፍርድ ይባላል እንጂ ዕርቅ አይባልም» አሉት ሊቀመንበሩ። «እኛ ዳኛ አይደለንም። ሽማግሌ ከሁለቱም ያነሣል፣ ለሁለቱም ያደርጋል።»

ይህ እውነት ነው፤ እኔም ከልጅነቴ ያየሁት ይኸው ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ለሐጋ ጥፋት ይፈልጉላቸው ጀመር። ብዙም አልደከሙም፤ ሽብሽቡ ተገኘ።

ተመለስንና ሊቀመንበሩ ዕርቁን ተናገሩ። ልጆቹ እናታቸውን ስላሳዘኑ ለካሳ ዛፉን አይቆርጡም፤ እንዳይቆርጡም በፈጣሪያቸው ይምላሉ። እናትም ልጆቻቸውን በሰው ፊት በጫማ ስላዋረዱ ለካሳ ማሳውን ይለቃሉ። «ለእኛ ስትሉ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ሁለቱንም ወገን በትሕትና እያዩ። ለእኛ ስትሉ ሲባል እምቢ አይባልም፤ ሐጋ ግን ይህን አያውቁም ነበር።

«ዛፏ ካልተቆረጠች ሕንፃው የት ይቆማል?» አለ ታናሹ። ያን ቀን የተናገረው ብቸኛ ነገር ይህ ነው።

ታላቁ ትንሽ አሰበ። «ዙሪያዋን እንሠራለን። እሷ መሃል መንወሩ ውስጥ ትቆማለች።»

መንወር የካይሮ ሕንፃ ከሥር እስከ ጣሪያ መሃሉ ላይ የሚተውለት ጠባብ ክፍተት ነው። የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት መስኮት ይከፈትበታል። የተተወው ለብርሃን ነው ይባላል፤ የሚወርድበት ግን የሽንኩርት ልጣጭ ነው።

«ዛፍ ፀሐይ ይፈልጋል» አለ ዶክተሩ በአማርኛ።

«ከላይ ይገባለታል» አሉት ሊቀመንበሩ በአማርኛ። «ዕርቅ ላይ ሳይንስ አታምጣ።»

ልጆቹ ማሉ። ሊቀመንበሩ የእናታቸውን ጉልበት እንዲስሙ አዘዟቸው፤ እነሱ በአገራቸው ወግ ግንባራቸውን ሳሙ። ሐጋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህ ነው የእናንተ ዳኝነት?»

«ዕርቅ ነው የሚባለው» አልኳቸው።

«ኸላስ» አሉ፤ አለቀ እንደ ማለት ነው። ወንበራቸውን ራሳቸው አነሡ።

ሊቀመንበሩ በሕይወታቸው በአካል ያገኙት አራሽ አንድ ሲሆን እሱም እኚህ ሴት ናቸው። መሬታቸውን በአንድ ከሰዓት፣ በምርቃት ወሰዱባቸው። ሻይ ሲመጣ ታላቁ ልጅ ለምስጋና በሕንፃው ምድር ቤት አንድ ክፍል ለማኅበሩ ቢሮ በወዳጅ ዋጋ እንደሚያከራይ ተናገረ። ሊቀመንበሩ ሦስት ጊዜ «በፍጹም» አሉ፤ በአራተኛው «ካስገደዳችሁን» አሉ። ጉቦ አይደለም። ግብዣው የመጣው ዕርቁ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ቃለ ጉባኤው ላይ በጥንቃቄ ጽፌዋለሁ።

ሕንፃው ከአዲሱ መንግሥት በፊት ቆመ። ጎመኔ አንደኛው ምሶሶ ሥር ነው ያለው። ለሐጋ የመጨረሻው ፎቅ ተሰጣቸው፤ አየር አለው ተባለ። ሊፍት የለም፣ ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ አይወርድም። ስለዚህ በገዛ መሬታቸው ላይ፣ መሬት ሳይረግጡ መኖር ጀመሩ። ልጆቹ መሐላቸውን አላፈረሱም። መጥረቢያ ዛፉን አልነካውም። ግድግዳው በአራቱም በኩል እስከ ጣሪያው ወጣና ሾላው ጉድጓድ ውስጥ እንደ ወደቀ ሰው እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቀረ። በመጀመሪያ የታችኞቹ ቅጠሎች ረገፉ። ከዚያ የሁለተኛው ፎቅ ነዋሪ አንድ ቅርንጫፍ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ አሰረ። የላይኞቹ ቅጠሎች ሲረግፉ ማንም አላየም፤ የፕላስቲክ ከረጢቶች ቦታውን ወዲያው ይዘውት ነበር።

የቢሯችን ብቸኛ መስኮት የሚከፈተው ወደዚያ ነው። ሽታው ስለሚያስቸግር ዘግተነው መብራት አብርተን እንሠራ ነበር። የደን ምዕራፉ ተጠናቆ ወደ መግቢያው ስንደርስ ሊቀመንበሩ አስጻፉኝ፦ «ማኅበራችን በስደት ምድር ሳይቀር አንድ ታሪካዊ ዛፍ ከጭፍጨፋ አድኗል።»

«ጋሼ፣ ዛፉ ደርቋል።»

«ተቆርጧል?»

«አልተቆረጠም።»

«እንግዲያው ድኗል።»

ወደ ዶክተሩ ዞሬ «ሞቷል ወይ?» አልኩት። መስኮቱን ከፈት አድርጎ ብዙ ጊዜ ተመለከተ። «ቆሟል» አለ።

«ሞቷል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ቆሟል።» መስኮቱን ዘጋው። «ደግሞ በአንዳንድ ትርጉም፣ ዛፍ ለጊዜው የሌለበት መሬትም ይበቅልበታል ተብሎ ከታሰበ ደን ተብሎ ሊቆጠር ይችላል።»

ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም። «ይህን ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት። በዚህ አያያዝ አርባ አምስት በመቶ እንደውም አነሰ።

የሐጋን ነገር ጉባኤው አልዘነጋም። ሴትየዋ ሲጠይቁ ምን ይባሉ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ «አረጋዊት እናትን ማሳዘን አያስፈልግም» ተብሎ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ድምፅ ስለሌላት ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ሆነ። ልጆቹና ምራቶቹም ያለ ጉባኤ እዚያው ላይ ደርሰው ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ላይ ወጥቼ ሐጋን እጠይቃቸዋለሁ፤ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነበር። ወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ ቆመው ወደ ታች ያያሉ፣ የሚያዩት ጥቁር ነገር ነው።

«ጉሜዛዬ እንዴት ናት?» ሾላን እንዲህ ነው የሚሉት።

«ዘይ ኢል-ፉል» ይላሉ ምራቶቹ፤ እንደ ነጭ አበባ አምራለች ማለት ነው። እኔ ይዤላቸው የወጣሁትን ዳቦ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ስለ ጤናቸው እጠይቃለሁ።

ሐጋም አጠጧት። ጠዋት ጠዋት አንድ ማሰሮ ውኃ በመስኮቱ ወደ ታች ያፈስሱ ነበር። ሩዝ ያጠቡበትን፣ ፊታቸውን የታጠቡበትን፣ ሌላ ከሌለ ንጹሑን። የሁለተኛው ፎቅ ሰው ልብሴ ሲደርቅ ይረጥብብኛል ብሎ ይጮኻል፤ እሳቸው ጆሯቸውም ስለደከመ ሰላምታ ይመስላቸውና «ዓይኔ ነህ» ይሉታል።

በአብዮቱ ከወረደው ቀጥሎ የተሾመው ፕሬዚዳንትም የወረደበት በጋ መጣ። መብራት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ መቁጠር ትተን ነበር፣ ውኃም እንደዚሁ። ማራገቢያው ሲቆም ቢሯችን ምድጃ ሆነና መስኮቱን መክፈት ግድ ሆነ። በዚህ ሰሞን ሐጋ ቧንቧው በመጣ ቁጥር ጀሪካን እየሞሉ ያስቀምጡ ነበር። ለራሳቸው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አንደኛዋ ምራት «ለመጠጣት ትሰስትና ለዛፉ ታፈስሳለች፤ ትናንት ራሷን ስታ ነበር» ብላ አጫወተችኝ፤ እንደ ቀልድ ነው የነገረችኝ።

የሚቀጥለው አርብ የመርሐ ግብሩ የመጨረሻ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሊቀመንበሩ እያነበቡልን ሳለ የሐጋ ውኃ በመስኮቱ ገባ። የፈሰሰው የደን ምዕራፉ ላይ ነው። በላዩ የሩዝ ፍሬ ተጣብቆበታል።

«ይህ ነገር መቆም አለበት» አሉ ሊቀመንበሩ ጋቢያቸውን እያራገፉ። ታላቁ ልጅ ተጠራ። መጥቶ ወረቀቶቹን አየና «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ያ ሐግ» አለ። «ነገ መስኮቷን በሳንቃ እመታዋለሁ።»

«እንዳያዝኑ ብቻ» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ለዛፏ ጤና ነው እላታለሁ። ውኃ በዛባት እላታለሁ።»

ሁሉም ተስማሙ። ዶክተሩ የረጠበውን ገጽ በጣቱ ይዞ ያናፍስ ነበር፤ ቀና አላለም። ሊቀመንበሩ «ጻፊ» አሉኝ። ብዕሬን ከደንኩና ወደ ደረጃው ወጣሁ። መብራት አልነበረም፣ ግድግዳውን እየዳሰስኩ ነው የወጣሁት።

ሐጋ መስኮቱ ጋ ናቸው። ሁለተኛውን ማሰሮ ሞልተው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ምራቲቱ ገበያ ሄዳለች።

«ሐጋ፣ ይጠጡት እንጂ አያፍስሱት» አልኳቸው። «ዛፏ ሞታለች።»

ማሰሮውን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡ።

«ማን ቆረጣት?»

«ማንም አልቆረጣት። ልጆችዎ መሐላቸውን ጠብቀዋል።»

«ውኃ አነሳት?»

«አላነሳትም። ፀሐይ ነው ያጣችው።»

«ከመቼ?»

«ካምና ጀምሮ።»

ፊታቸውን ለማየት ሞከርኩ፤ ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን ጥቂት ነበር። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ታች ቀስረው «ሽማግሌዎችሽ ያውቃሉ?» አሉኝ።

«ያውቃሉ።»

«ልጆቼስ?»

«ያውቃሉ። መስኮቱን ነገ በሳንቃ ሊመቱት ነው። ውኃው ቢሯችን እየገባ አስቸገረ።»

«ቢሯችሁ የት ነው?»

ይህን እንደማያውቁ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ከሥሯ ነው» አልኳቸው። «መስኮቱ ወደ እሷ ነው የሚከፈተው።»

«አሁን ተከፍቷል?»

«ተከፍቷል።»

ሐጋ ማሰሮውን እንደገና አነሡ። በመስኮቱ ወጣ አድርገው፣ ሳይቸኩሉ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ አዘነበሉት። ውኃው በየፎቁ እየተጋጨ ሲወርድ ሰማን። ከዚያ ከጉድጓዱ ሥር የሊቀመንበሩ ድምፅ ወጣ፦ «ኧረ በሕግ አምላክ!»

«ምን ይላል?» አሉኝ ሐጋ።

«ሕግ እየጠሩ ነው።»

«ይጥራው» አሉና ጀሪካኑን እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ። አቀበልኳቸው።